መዝገቡ ይታይ፣ ዝርዝሩ ይዘጋ

እህት ዓለም፣ በግሩፑ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩት። መሥሪያ ቤታችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ በጂኤልፒአይ (የአይቲ ዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ሲኤምዲቢ አቋቁሟል፤ የአይቲ ዕቃው ሁሉ ከነግንኙነቱ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ማለት ነው። የደመወዝ ሰርቨሩ፣ የካሜራ መቅጃውና የፋየርዎሉ (የኔትወርኩ መከላከያ) መዝገብ ከተራ ፕሪንተር ጋር አንድ ላይ ነው ያለው። የአይቲ ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል፤ ለልምምድ የመጡት ተማሪዎችም ጭምር። ኃላፊሽ «ደብቂያቸው» አሉሽ። አንቺ ደግሞ እንዴት እንደሚደበቅ ጠየቅሽ።

እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ድርጅታችን ሞጣም፣ ቢቸናም፣ ደጀንም ቅርንጫፍ አለው። ይህን ጉዳይ በእጄ ስለሠራሁት ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። መዝገቡን እንዳለ አትደብቂው። ዕቃው መኖሩና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለአይቲ ሠራተኛው ሁሉ ይታይ። የሚዘጋው ዝርዝሩ ነው።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሰርቨሩን መዝገብ ሙሉ በሙሉ ሰውሮት ነበር። ከአድሚኖቹ በስተቀር የሚያየው የለም። የኔትወርክ ባለሙያው ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘውን ዕቃ) ሊቀይር ተነሣ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሲኤምዲቢው ላይ ገባ፣ በስዊቹ ላይ ምን ምን እንደተያያዘ አየ። ጥቂት ፕሪንተሮችና አንድ አሮጌ ፋይል ሰርቨር ብቻ ናቸው የታዩት። የምሳ ሰዓት ጠብቆ ስዊቹን አጠፋው። ለካ የደመወዝ ሰርቨሩም እዚያው ላይ ኖሯል። ፋይናንሶች ደግሞ የወሩን ደመወዝ እያሠሩ ነበር። ልጁ ላይ ብዙ ተጮኸበት፤ ግን ምንም ጥፋት የለበትም። ያልታየውን ነገር በምን ይጠንቀቅ? ሲኤምዲቢ የሚያስፈልገን እኮ «ይህን ብነካ ማን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ ነው። መዝገቡን ስትሰውሪ መልሱም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ፐርሚሽን (የመብት አሰጣጡን) ከመንካትሽ በፊት አንድ የደመወዝ ሰርቨር መዝገብ ክፈቺና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያነበብሽ «ይህን ማን ማወቅ አለበት?» በዪ። ስሙን፣ ባለቤት የሆነውን ክፍልና ከመነካቱ በፊት የሚደወልበትን ስልክ ሁሉም ይወቅ። አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው)፣ ያለበት ክፍል፣ የሶፍትዌሩ ቨርዥን፣ ባክአፑ የት እንደሚቀመጥ ግን ሰርቨሩን ለሚያስተዳድሩት ብቻ ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አጥቂ ወራት ፈጅቶ የሚሰበስበውን ነገር አሳምረን አዘጋጅተን ሰጠነው ማለት ነው። በተለይ ቨርዥኑ ያረጀ ሰርቨርና አይፒው ጎን ለጎን ከተጻፉ።

ፓስወርድ ግን ከማንም ጋር አይከፋፈልም፤ ሲኤምዲቢ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። «እኛ ጋ የለም» እንዳትዪ። «አስተያየት» የሚለውን ሳጥን ፈልጊ። እኔ ስፈትሽ የካሜራ መቅጃው አስተያየት ላይ የአድሚኑ ስምና ፓስወርዱ ተጽፎ አገኘሁ፤ ከሥሩ ደግሞ «ቴክኒሻኑ ሲመጣ ይሄን ስጡት» ይላል። ክፋት የለበትም፣ ሰው ሥራ ለማቅለል ብሎ ነው የሚጽፈው። አባሪ ሆነው የተጫኑ ፋይሎችንም እይ፣ የፋየርዎል ኮንፊግሬሽን ባክአፕ እዚያ ይገኛል። ያገኘሽውን ፓስወርድ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በለውጥ ታሪኩና በባክአፑ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ፓስወርዱ ራሱ ይቀየር። አዲሱ እንደ ኪፓስ ወይም ቢትዋርደን ባለ የፓስወርድ ካዝና ውስጥ ይግባ፤ መዝገቡ ላይ «ፓስወርዱ ካዝናው ውስጥ ነው» የሚል ይበቃል። ኔትቦክስ የተባለውን የኔትወርክ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች እንኳ ድሮ ሚስጥር ማስቀመጫ ክፍል ነበራቸው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቨርዥን ላይ ከዋናው ሥርዓት አውጥተውታል።

አሁን ወደ ጂኤልፒአይ እንምጣ። እዚያ መብት የሚሰጠው በፕሮፋይልና በኢንቲቲ ነው። ፕሮፋይሉ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይወስናል፣ ኢንቲቲው (መዝገቡ የተከፋፈለበት ክፍል) የቱ ቦታ ላይ እንደሆነ። ችግሩ፣ አንዱን መዝገብ ከፍተሽ ከውስጡ አይፒውን ብቻ ለእገሌ መዝጋት በዋናው ሥርዓት አይመችም። እኛ የዘየድነው እንዲህ ነው። ከዋናው ኢንቲቲ ሥር «ጥብቅ» የሚል ንዑስ ኢንቲቲ ፈጠርን። ሙሉው መዝገብ እዚያ ገባ። በዋናው ኢንቲቲ ላይ ደግሞ ስም፣ ባለቤትና ስልክ ብቻ የያዘ ቀጭን መዝገብ ተውን። ከስዊቹ ጋር የሚያያዘው ይኸኛው ነው። ስዊቹን ለመንቀል የተነሣ ሰው «ከመነካቱ በፊት ለፋይናንስ ሲስተም ክፍል ይደወል» የሚለውን ያያል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሁለት መዝገብ መያዝ ድካም እንዳለው አውቃለሁ፤ ጥብቅ የምትዪው ዝርዝር አጭር ከሆነ ግን ይቻላል። ዝርዝሩ ከረዘመ ሁሉን ነገር ጥብቅ አድርገሻል ማለት ነው፣ እንደገና እዪው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ ለቴክኒሻኖች በዋናው ኢንቲቲ ላይ መብት ስትሰጪ «ወደ ንዑስ ኢንቲቲዎችም ይውረድ» የሚለው ምልክት ከተደረገበት ጥብቁንም ያያሉ። ሌላው፣ ሰርቨሩ ላይ ኢንቬንቶሪ ኤጀንት ካለ መረጃው በራሱ ነው የሚመጣው። ዕቃውን ወደ ጥብቁ ኢንቲቲ የሚመድብ ደንብ ካላወጣሽለት አይፒውም፣ ሶፍትዌሩም ተመልሶ ዋናው ላይ ይዘረገፋል።

ከጂኤልፒአይ ጋር ተጭነው የሚመጡትን አካውንቶችም እዪ። «ቴክ» የሚለው ፓስወርዱ «ቴክ» ነው፣ «ጂኤልፒአይ» የሚለው ሱፐር አድሚንም እንደዚያው ፓስወርዱ የራሱ ስም ነው። ይህን ዓለም ያውቀዋል። ሥርዓቱ ራሱ ቀይሩ እያለ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ሳይነካ የከረመባቸው ቦታዎች አይቻለሁ። እሱ ክፍት ሆኖ ስለ ኢንቲቲ ማውራት ከንቱ ድካም ነው።

ሰርቪስናው የተባለው ሌላ ሥርዓት ያላችሁ የዚህ ግሩፕ አባላት እድለኞች ናችሁ፣ እስከ ሳጥን ድረስ መዝጋት ይቻላል። ግን የአንድ መዝገብ መስመር እንዳለ ሲዘጋ ከዝርዝሩ ግርጌ ይህን ያህል መስመር በደህንነት ገደብ ምክንያት ተወግዷል የሚል ጽሑፍ እንደሚወጣ አትርሱ። መኖሩ ራሱ ሚስጥር ከሆነ ያ ጽሑፍ ያጋልጣል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። በእኛ አካባቢ መረጃ የሚሾልከው ከሲኤምዲቢው ስክሪን ላይ አይደለም፣ ከኤክሴል ነው። መብራትና ኔትወርክ መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ቴክኒሻኑ ወደ ሞጣ ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም ዝርዝር ኤክስፖርት አድርጎ ፍላሽ ላይ ይጭናል። እዚያ ሲደርስ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ያንኑ ፍላሽ ሰክቶ ያሳትማል። የድርጅቱ ሰርቨር ሁሉ ከነአይፒው ኮምፒውተር ቤት ቀረ ማለት ነው። ይህን በክልከላ ብቻ አታቆሚውም፣ ልጁ ሥራውን መሥራት አለበት። እኛ የመስክ ወረቀት አዘጋጀን። የሚሄድበት ቅርንጫፍ ዕቃዎች ብቻ፣ ስም፣ መለያ ቁጥርና የሚደወልለት ሰው ተጽፎበት፣ ከቢሮ ታትሞ ይሰጠዋል። ሲመለስ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ነው ብዙዎቹ ሙሉውን ዝርዝር ኤክስፖርት እንዳያደርጉ የከለከልነው፣ ማንም አላጉረመረመም።

ኤፒአዩንም (ሌሎች ሶፍትዌሮች መረጃውን የሚወስዱበትን በር) አትርሺ። ከሞኒተሪንግ (የሰርቨር መከታተያ) ሶፍትዌሩ ጋር የሚያገናኘው አካውንት ብዙ ጊዜ «እንዳያስቸግር» ተብሎ የአድሚን መብት ይሰጠዋል። ማንበብ ብቻ ይበቃዋል፣ እሱም የሚፈልገውን ኢንቲቲ ብቻ።

ሲጨርሱ በአድሚን አካውንት ገብቶ «ተዘግቷል» ማለት አይሆንም። የልምምድ ተማሪ መብት ያለው የሙከራ አካውንት ክፈቺ። በመፈለጊያው ላይ የጥብቁን ሰርቨር አይፒ ጻፊ። ሪፖርት አውጪ። የቆየ ቲኬት (የብልሽት ማመልከቻ) ክፈቺና በውስጡ የተያያዘውን ዕቃ እይ። ጓደኞችሽ ቲኬት ላይ «ይህ አይፒ አልሠራም» ብለው የጻፉት ሁሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። እሱን የሚዘጋልሽ ፐርሚሽን የለም፣ ከእንግዲህ የሰርቨሩን ስም እንጂ አይፒውን እንዳይጽፉ ማስለመድ ነው ያለው።

ሎጉንም (ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘገብበትን) የሚያየው ሰው ከወዲሁ ይመደብ። ሳይታይ ተጠራቅሞ ችግር ከደረሰ በኋላ ቢገላበጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሚያየው ሰው ከአድሚኑ የተለየ ቢሆን ይመረጣል።

ኃላፊሽ «ለምን ይህን ሁሉ?» ካሉ አዋጆቹን አሳዪያቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሲኤምዲቢው ውስጥ ኮምፒውተሩን የያዘው ሠራተኛ ስምና ስልክ አለ፣ እሱ የግል መረጃ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ለማን ምን እንደተፈቀደ በጽሑፍ ከሌለ ግን «አልተፈቀደልህም ነበር» ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፊ፤ የጥብቁ ኢንቲቲ ባለቤት ማን ነው፣ መብት የሚጠየቀው በማን ፊርማ ነው፣ ሌሊት ሰርቨር ቢወድቅ ተረኛው በማን ፈቃድ ይገባል፣ መብቱስ በነጋታው በማን ይነሣል። ኃላፊሽ ይፈርሙበት።

የልምምድ ተማሪዎቹን አካውንት ደግሞ ዛሬውኑ የማብቂያ ቀን ስጪው። ፕሮፋይሎችሽ ላይ ከተጠራጠርሽ የመብት ገጹን ስክሪንሾት እዚሁ ለጥፊው፣ የሰርቨሮቹን ስምና አይፒ ግን ሸፍነሽ። አብረን እናየዋለን።