መልስ፦ «ዘዬ የለኝም» ስለሚለው የዲትሮይት ሰው

ጠያቂያችን፣ በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ተወልዶ ያደገው የሥራ ባልደረባዎ «ዘዬ ያላቸው የደቡብ ሰዎች ናቸው እንጂ እኔስ የለኝም» ማለቱ ልክ መሆኑን ጠይቀዋል። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ተሳስቷል። በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ባሉት ከተሞች፣ ማለትም በዲትሮይት፣ በቺካጎ፣ በክሊቭላንድና በቡፋሎ፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን አናባቢዎች ከቦታቸው እየተንሸራተቱ ስለመጡ፣ የአካባቢው ሰው «ብሎክ» ሲል ለሌላው አሜሪካዊ «ብላክ» ያለ ሊመስለው ይችላል።

ተናጋሪው ራሱ ይህን የማይሰማው ለምንድን ነው? የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ናንሲ ኒድዚየልስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ ለዲትሮይት ነዋሪዎች የገዛ ከተማቸውን ተወላጅ ንግግር አሰማቻቸው። ተናጋሪው ካናዳዊ ነው የተባሉት አድማጮች «ሃውስ» በሚለው ዓይነት ቃል ውስጥ የካናዳ ቃና ሰሙ፤ ዲትሮይት ያለችበት የሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሰው ነው የተባሉት ግን ያንኑ ድምፅ መደበኛ አድርገው ሰሙት። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው አስቀድሞ ያመነውን ነው።

በኒው ዮርክ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የሥነ ልሳን ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያነጋገራቸው ብዙ የከተማዋ ሰዎች አነጋገራቸውን ይጠሉት ነበር፤ «ካር» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችውን «ር» እየዋጡ እንኳ፣ በትክክል የሚጠሯት ይመስላቸው ነበር። ሰው በእናቱ አንደበት እንዲያፍር መደረጉ ያሳዝናል።

ባልደረባዎ ፈቃደኛ ከሆነ ድምፁን ይቅዱና «ብሎክ» የሚለውን ቃል ብቻ ለይተው ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣ ሰው ያሰሙ።