«በአነስተኛ ጣልቃ ገብነት የተመረተ» ማለት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ ወይን ጠጅ አምራች መግለጫ ስተረጉም «ወይናችንን በአነስተኛ ጣልቃ ገብነት እናመርታለን» ብዬ ጻፍኩ፤ ለጆሮዬ ግን አልጣመኝም። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ ጆሮዎን ይመኑት። «ጣልቃ ገባ» የሚባለው በሌላው ጉዳይ መካከል የገባ ሰው ነው፤ ነቀፌታ በሌለበት በፍርድ ቤት ቋንቋ እንኳ «ጣልቃ ገብ» ሌሎች በጀመሩት ክርክር የሚገባ ወገን ነው። ወይን ጠማቂው ግን ያለው በገዛ ሥራው ላይ ነው።

አማርኛ ይህን ሐሳብ፣ ማለትም ጠማቂው ብዙ ሳይጨምርበትና ሳይነካካው ወይን ጠጁ በራሱ እንደሚደርስ፣ በግሱ ይገልጸዋል። «ፈላ» እና «አፈላ»፣ «ጠለለ» እና «አጠለለ» የሚለያዩት በ«አ» ብቻ ሲሆን፣ እርሷ ስትጨመር ድርጊቱ ከውጭ የመጣ አድራጊ ያገኛል። ስለዚህ «ጭማቂው በፍሬው ልጣጭ ላይ ባለው እርሾ ይፈላል፤ ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድም ወይን ጠጁ ጠልሎ ይቀዳል» ቢሉ፣ የተገዛ እርሾ እንዳልገባበትና በማጣሪያ እንዳላለፈ አንባቢው ያለ አንዳች ማብራሪያ ይረዳል፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ጭማቂው እንጂ ሰው አይደለምና።

ወደ ወይኑ ማሳ ሲሻገሩ ግን አድራጊውን ይመልሱት። እንዲህ ያለ አምራች በጓዳው እጁን የሚሰበስበው በማሳው ብዙ ስለሚደክም ነው፤ ሐረጉን ይገርዛል፣ ይኮተኩታል፣ የበዛውን ዘለላ ያሳሳል፣ ለቀማውንም ፍሬው በሚበስልበት ልክ ይወስናል። «አነስተኛ ጣልቃ ገብነት» ይህን ሁሉ ድካም ስለሚሸፍነው፣ ከቃሉ አለመጣም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ጉድለት ነው።

ወይን ጠጁ እንዳይበላሽ ሰልፈር ያልገባበት ከሆነ፣ «ሰልፈር የሌለው» ከማለትም ይጠንቀቁ። እርሾው ራሱ በሚፈላበት ጊዜ ጥቂት ሰልፋይት (የሰልፈር ውህድ) ስለሚያወጣ፣ ትክክለኛው አነጋገር «ሰልፈር ያልተጨመረበት» ነው፤ በጠርሙስ ሲሞላ ጥቂት የሚጨመርበት ከሆነ ደግሞ ይኸው በግልጽ ይጻፍ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በወይን ጠጁ ያለው የሰልፋይት መጠን በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ በጠርሙሱ ላይ መገለጽ ስላለበት፣ የእርስዎ ትርጉም ከመለያ ወረቀቱ ጋር እንዳይጋጭ ያስፈልጋል።

ጣዕሙን «ለስላሳ» አይበሉት፤ አንባቢው አልኮል የሌለበትን መጠጥ ያስባል። «ቁጥብ» የሚለውም ለሰው ጠባይ እንጂ ለመጠጥ እምብዛም አይስማማም። «አልኮሉ ያልበዛ፣ የበርሜሉ እንጨት ጣዕም ያልተጫነው» ቢሉ ይበቃል።