ጥያቄና መልስ፦ አንድ ጥንድ፣ ብዙ የፈረስ ስም

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሬስሊንግ፣ በተለይም ስለ ታግ ቲም (ሁለት ሁለት ሆኖ እየተቀያየሩ መታገል) ናቸው። ከአፄ ቴዎድሮስ በቀር ስሙ የሚነሳው ሁሉ ባሕር ማዶ ያለ ስለሆነ ዓመታቱን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጽፈናል።

ከአዘዞ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታላቅ ወንድሜ በሃርዲ ቦይዝ ተከራክረን አልተግባባንም። እሱ ድሮ ቪዲዮ ቤት ያያቸው ጥቁር ለብሰው፣ ደም ከሚተፋ ሰውዬ ጋር ሲወጡ ነው። እኔ የማውቀው ጸጉሩን ቀለም የተቀባውን ጄፍን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ማት ማለት ጸጉሩ መሐል ላይ የነጣ፣ «ዲሊት! ዲሊት!» እያለ እጁን የሚያወናጭፍ እብድ ነው ይለናል። የምናወራው ስለ አንድ ሰዎች ነው?

መልስ፦ ሦስታችሁም ትክክል ናችሁ። ያያችሁበት ዓመት ተለያየ እንጂ ሰዎቹ ያው ወንድማማቾቹ ማትና ጄፍ ሃርዲ ናቸው።

ሬስለሩ ሪንግ ላይ ይዞት የሚወጣው ስም፣ ልብስ፣ አነጋገርና አረማመድ ተደምሮ ጊሚክ ይባላል። ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የቋራው ካሳ ኃይሉ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ ሲነግሡ ደግሞ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ስሙ ግን በየደረጃው የተለየ ሥራ ይሠራል። ሃርዲዎችም እንደዚያው በየደረጃው የፈረስ ስም ሲለዋውጡ ኖረዋል።

ማት በ1974፣ ጄፍ በ1977 ተወልደው ያደጉት በሰሜን ካሮላይና፣ ካሜሮን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የጀመሩት በጓሯቸው፣ ትራምፖሊን ላይ ነው። ጄፍ በ1994 ዳብልዩ ዳብልዩ ኤፍ በተባለው ትልቅ የሬስሊንግ ድርጅት ከሬዘር ራሞን ጋር ሲገጥም ገና 16 ዓመቱ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የሁለቱም ሥራ መሸነፍ ነበር። ትልልቆቹ ይበልጥ እንዲገዝፉ አንድ ሰው መሬት ላይ መዘረር አለበት፤ ያ ሰው እነሱ ነበሩ። የራሳቸው ውል ያገኙት በ1998 ነው።

የእርስዎ ወንድም ያያቸው በ1999 ነው። በዚያው ዓመት ማይክል ሄይስ የሚባል አንጋፋ ሬስለር ማናጀራቸው ሆኖ በጁላይ ፋሩቅንና ብራድሾውን አሸንፈው የመጀመሪያውን የታግ ቲም የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰዱ። ብዙም ሳይቆዩ ሄይስን ትተው ጋንግሬልን ተጠጉ። ጋንግሬል ጥርሱ የሾለ፣ ከዋንጫ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ ተጎንጭቶ ሽቅብ የሚተፋ ነው። ኒው ብሩድ የተባለው ይህ ጊሚክ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በእኛ እይታ ከሁሉም ደካማው ነው፤ ከጋንግሬል ጋር መጀመሪያ ብሩድ የነበሩት ኤጅና ክርስቲያን የተባሉ ሌላ ጥንድ ስለሆኑ ሃርዲዎች የወረሱት የሌላ ሰው ካባ ነበር።

እርስዎ የሚያውቁት ደግሞ የ2000ው ነው። ሊታ የተባለች ሴት ሬስለር ተጨምራ ቲም ኤክስትሪም ተባሉ፤ ሰፋፊ ሱሪ፣ ክንድ ላይ የመረብ ልብስ፣ የጄፍ ጸጉር በየጊዜው ሌላ ቀለም። እዚህ ጋ ጊሚኩ ከራሳቸው የተቀዳ ነበርና ያዘላቸው። በ2002 ሲለያዩ ማት ስማክዳውን በተባለው የድርጅቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ራሱን «ቨርዥን 1» ብሎ፣ ልክ እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስለ ራሱ ጥቃቅን መረጃ በስክሪን እያስነበበ ይወጣ ጀመር። ትዕቢተኛ ነበር፤ ያስቅም ነበር።

የጎረቤታችሁ ልጅ የሚለው «ብሮክን ማት» የተወለደው በ2016 ቲኤንኤ የተባለ ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው። ጥቁር ጸጉር ላይ ነጭ ሰረዝ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እንግሊዝኛ። ወንድሙን «ብራዘር ኒሮ» ይለው ነበር፤ ኒሮ የጄፍ እውነተኛ መካከለኛ ስም ነው። በጁላይ 2016 የታየው ፍልሚያቸው የተቀረጸው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ካሜሮን፣ ማት ግቢ ነው፤ ድሮን ሳይቀር ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫውቷል። መጀመሪያ ብዙዎች ሳቁበት። በኦክቶበር ግን ወንድማማቾቹ ታርቀው የቲኤንኤን ቀበቶ ያዙ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ «ዲሊት!» ባዩ ራሱ ሆኗል።

ከማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን። ለግቢ የመዝናኛ ምሽት የታግ ቲም ትርኢት ልናሳይ አስበናል። መሐል ላይ ጊሚካችንን መቀየር እንፈልጋለን። እንዴት ብናደርገው ተመልካች ግራ አይጋባም?

መልስ፦ መጀመሪያ ደንቡን ተመልካቹ ፊት ግልጽ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ቡድን ሪንግ ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ነው። ጓደኛው ከገመዱ ውጭ፣ ጥጉ ላይ ታስራ የምትንጠለጠለውን አጭር ገመድ ይዞ ይቆማል። ቅብብሉ የሚጸናው እጅ ለእጅ ሲነካኩና ዳኛው ሲያይ ነው። ተቀይሮ የሚወጣው 5 እስኪቆጠር ጊዜ አለው። 3 ተቆጥሮ ማሸነፍ የሚቻለው ተራው የሆነው ሰው ሲጥል ብቻ ነው። ያቺን ትንሽ ገመድ እንዳትንቋት። ጓደኛው ክንዱን ዘርግቶ፣ ገመዷ እስክትወጠር ተንጠራርቶ፣ ጣቶቹ አንድ ስንዝር ሲያንሳቸው ነው አዳራሹ ከወንበሩ የሚነሳው። ገመዷን ለቆ ሁለት እርምጃ ቢገባ ሁሉም ያልቃል፤ ጭንቀቱ የሚመጣው ከእጥረቷ ነው።

ታሪኩ በተለምዶ አራት ክፍል አለው። ደጎቹ መጀመሪያ ይፈነጫሉ። ከዚያ ክፉዎቹ በተንኮል አንዱን ከጓደኛው ለይተው በራሳቸው ጥግ ይቀጠቅጡታል፤ ረጅሙ ክፍል ይህ ነው። ሦስተኛው፣ የተደበደበው ተሳቦ ጓደኛውን ይነካና ትኩሱ ሰው ይገባል። ከዚያ መጨረሻው። ጀማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱት ሁለተኛው ላይ ነው፤ ይሰለቸናል ብለው ቶሎ ይነካካሉ። ትርኢታችሁ 8 ደቂቃ ከሆነ ለድብደባው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ስጡ። በመሐሉ ሁለት ጊዜ ሊነካ ሲል ይጎተት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ይንካና ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ አላየሁም ይበል። ተመልካቹ ዳኛውን መስደብ ከጀመረ ሥራው ሰምሯል።

ሁለት ዓይነት ሰው ሁኑ። ማት ይናገራል፣ ጄፍ ይበርራል። ማይክሮፎን ይዞ መዛት ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደለም፤ ፉከራ ነው። ፎካሪ ስሙን ይጠራል፣ የፈረስ ስሙን ይጠራል፣ የሠራውን ይቆጥራል፣ በጠላቱ ላይ ይዝታል። ያንኑ ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ በ40 ሰከንድ ጨርሱ። ግን አንዳችሁ ብቻ ፎክሩ፤ ሌላው ዝም ብሎ ቢያፈጥ ይበልጥ ያስፈራል።

ወደ ቅያሬው እንምጣ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትለውጡ። ብሮክን ማት ጸጉሩን፣ ልብሱን፣ ቋንቋውን ቢቀይርም መጨረሻ ላይ የሚጥልበት ትዊስት ኦፍ ፌት ያው ነው፤ ጄፍም ብራዘር ኒሮ ሲባል ከገመድ ላይ ተገልብጦ በጀርባው የሚያርፍባትን ስዋንተን አልተወም። ተመልካች አዲሱን ስም የሚቀበለው አሮጌውን እጅ ሲያይ ነው። ስለዚህ አንድ የማይለወጥ ምት ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን አሳዩ፦ ተሸንፎ ያበደ፣ በጓደኛው የተከዳ፣ ገንዘብ ያታለለው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሌላ ልብስ ለብሳችሁ ብቻ ብትመጡ ልብሱ ተቀየረ ይባላል እንጂ ሰው ተቀየረ አይባልም። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ የሚቀባበላት አጭር ቃል ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር ስጡ። «ዲሊት» የሠራችው ሁለት ምት ብቻ ስለሆነች ነው። በአማርኛ «ሰርዝ!» ብትሉ አዳራሹ አብሯችሁ ይላል፤ «ይሰረዝልን!» ካላችሁ ግማሹ ይቀድማል፣ ግማሹ ይዘገያል።

አወዳደቅን ከሚያውቅ አሠልጣኝ ጋር ሳትለማመዱ ማንም ማንንም አያንሳ። በወፍራም የጂምናስቲክ ምንጣፍ ላይ፣ ከቁጢጥታ ጀምራችሁ፦ አገጭ ደረት ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ፣ ጀርባ በሙሉ በአንዴ፣ ሁለት መዳፍ ከጎን ምንጣፉን ይምታ። በክርን ወይም በእጅ አንጓ ለመደገፍ የሞከረ ይሰበራል። ጭንቅላት ቀድሞ የሚያርፍባቸውን ውርወራዎች በሙሉ ተዉ፤ መሰላል የሚባል ነገር ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አይግባ።

ከፒያሳ፦ ቲኤልሲ (ከላይ የተሰቀለውን ቀበቶ ለማውረድ በጠረጴዛ፣ በመሰላልና በወንበር የሚደረገው ፍልሚያ) ላይ መሰላሉ እውነተኛ ነው? ፌክ ከሆነ ለምን ይጎዳሉ? እውነት ከሆነ ለምን አይሞቱም?

መልስ፦ መሰላሉ መሰላል ነው፤ የታቀደው ውጤቱ ነው። ስበት ስክሪፕት አያነብም።

የሪንጉ ወለል የብረት ማገር ላይ የተደረደረ እንጨት፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ ነው። ትንሽ ይለጠጣል፤ ያ መለጠጥ ወዳቂውን ሲረዳ መሰላል ላይ የቆመውን ሰው ግን ይጎዳል፤ አጠገቡ ሌላ ሰው በወደቀ ቁጥር መሰላሉ ይወዛወዛልና። መሰላሉ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ይታጠፋል። ጠረጴዛ የሚመስለውን ያህል ክፉ አይደለም፤ መሐሉ ላይ ከወደቁበት ተሰብሮ ጉልበቱን ይቀንሳል። ወደ እግሩ በኩል ከወደቁ አይሰበርም፤ ክፉው እሱ ነው።

በኤፕሪል 1፣ 2001 ሂውስተን፣ ሬስልማኒያ በተባለው ትልቅ ዝግጅት ላይ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ጄፍ ቀበቶዎቹን ይዞ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እግሩ ሥር ምንም የለም። ኤጅ ከሌላ መሰላል ላይ ዘሎ በትከሻው ወገቡን መታውና ተያይዘው ወረዱ። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ኤጅ እስከ ወለሉ ድረስ አቅፎት ነው የሚወርደው፣ ጄፍም የሚያርፈው በጀርባው ነው። ቢለያዩ ኖሮ ጄፍ አየር ላይ ይሽከረከር ነበር፤ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። የተሸነፉት ግን ሃርዲዎች ናቸው፤ እንደ ሬስልማኒያ 2000 እና እንደ ሳመርስላም 2000 ሁሉ ያሸነፉት ኤጅና ክርስቲያን ነበሩ። ሃርዲዎች በመሰላል መጀመሪያ ያሸነፏቸው ቀደም ብለው፣ በኦክቶበር 1999 ኖ መርሲ ላይ ነው። ስማቸውን የገነቡት ተሸንፈው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከአራዳ፦ ጊሚክ የማን ንብረት ነው?

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው። ሃርዲዎች በ2017 መጀመሪያ ከቲኤንኤ ሲወጡ ድርጅቱ «ብሮክን» የእኔ ነው አለ። ኤፕሪል 1 ሪንግ ኦፍ ኦነር በተባለ ሌላ ድርጅት የታግ ቀበቷቸውን በመሰላል ፍልሚያ ያንግ በክስ በተባሉ ጥንድ ተነጥቀው፣ በማግስቱ ኦርላንዶ ሬስልማኒያ 33 ላይ ሌላ የመሰላል ፍልሚያ አሸንፈው የዳብልዩ ዳብልዩ ኢ (የቀድሞው ዳብልዩ ዳብልዩ ኤፍ) የሮው ዝግጅት የታግ ቀበቶ ወሰዱ። የወጡት ግን በአሮጌው ሃርዲ ቦይዝነታቸው ነው፤ ሕዝቡ «ዲሊት» እያለ ቢጮህም። ክርክሩ ከረገበ በኋላ፣ በ2017 መጨረሻ፣ ማት «ወክን» በሚል ትንሽ በተለወጠ ስም ተመለሰ።

ከቀበሌ 18፦ ጊሚክ ቀይሮ የተሳካለት ሌላ ታግ ቲም አለ? የወደቀስ?

መልስ፦ የተሳካላቸው ኒው ኤጅ አውትሎውስ፣ ማለትም ቢሊ ጋንና ሮድ ዶግ ናቸው። ቢሊ ጋን ቀደም ሲል የካውቦይ ኮፍያ አድርጎ በስሞኪንግ ጋንስ ሦስት ጊዜ የታግ ቀበቶ ወስዷል፤ ከዚያ «ሮካቢሊ» ሆኖ ወደቀ። ሮድ ዶግ ደግሞ ጄፍ ጃሬት የሚባል ሬስለር ረዳት ነበር። ሁለቱ ውድቀቶች በ1997 መጨረሻ ተገናኝተው በኖቬምበር ሊጅን ኦፍ ዱም የተባሉትን ሻምፒዮን ጥንድ ጣሉ። ምስጢሩ ፉከራው ነው፤ ሮድ ዶግ መግቢያቸውን ሲጀምር ሕዝቡ በቃሉ ይጨርስለት ነበር።

የወደቁት ጎድዊኖች ናቸው። አሳማ አርቢ ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1998 ሱፍ ለብሰው «ሳዘርን ጀስቲስ» ተብለው የጃሬት ጠባቂ ሆኑ። ልብሱ ተቀየረ፣ ምክንያት አልተሰጠም፣ የድሮው ቀልድም ጠፋ። ከሁለቱ የአንዱ፣ የሄንሪ፣ የአንገት ጉዳት ሲጨመርበት ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

ከአዘዞ፣ በድጋሚ፦ ሃርዲዎች ዛሬም አሉ? ትልልቆቹን ዝግጅቶች በቀጥታ ለማየት ስንት ሰዓት ልነሳ?

መልስ፦ አሉ። በ2024 ወደ ቲኤንኤ ተመልሰው በኦክቶበር፣ ዲትሮይት ላይ፣ በሦስትዮሽ ፍልሚያ ቀበቶውን ወስደዋል። ሰዓቱን በተመለከተ፦ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ምሽት 7 ላይ የሚጀምር ዝግጅት፣ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ባለው ጊዜ፣ ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በቀሪው ወራት ከሌሊቱ 9 ሰዓት። የእነሱ እሑድ ምሽት ለእኛ ለሰኞ አጥቢያ መሆኑን አይርሱ፤ እሑድ ሌሊት ተኝተው ሰኞ ማታ ቴሌቪዥን የሚከፍቱ ብዙ ናቸው።