«አምበድካር» ወይስ «አምቤድከር»?

ጥያቄ፦ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት ሰው ስም አንዳንዱ «አምበድካር»፣ ሌላው «አምቤድከር» እያለ ይጽፈዋል። የክሪኬት ተጫዋቹ «ቴንዱልካር»ም እንዲሁ ያበቃል። ይህ ቅጥያ ምን ማለት ነው? የትኛውስ አጻጻፍ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም በማሃራሽትራ ግዛት የሚነገረው የማራቲ ቋንቋ ስሞች ናቸው። ቅጥያው ከቦታ ስም ጋር ተጣብቆ «የዚያ አገር ሰው» ያሰኛል፤ እኛ ጎንደሬ፣ ወሎዬ እንደምንለው ሁሉ የፑኔ ሰው «ፑኔከር»፣ የሙምባይ ሰው «ሙምባይከር» ይባላል። የእኛ ቅጥያ ግን ሰውየውን ራሱን ሲገልጽ፣ የማራቲው የቤተሰብ ስም ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ ባለስሙ በመንደሩ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር ስሟን ሲጠራበት ይኖራል። ዘፋኟ ላታ መንጌሽከር እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለዱት በኢንዶር ከተማ ሲሆን፣ ስማቸው የሚያመለክተው የአባታቸውን አገር፣ በጎዋ የምትገኘውን የመንጌሺን መንደር ነው። የዶክተር አምቤድከር ታሪክ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ የቤተሰባቸው ስም ሰክፓል ሆኖ ሳለ በአባቶቻቸው መንደር በአምበደዌ ስም «አምበደዌከር» ተብለው ትምህርት ቤት እንደተመዘገቡ፣ በኋላም አምቤድከር የሚባል መምህራቸው የራሱን ስም እንዳወረሳቸው ይተረካል።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ፣ እኔ ያለማወላወል «ከር» የሚለውን እመርጣለሁ። ማራቲ የሚጻፍበት ፊደል እንደ ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አዋሕዶ የሚያሳይ ሲሆን፣ አጭሩንና ረጅሙን «አ» በግልጽ ይለያል። የላቲን ፊደል ግን ሁለቱንም በአንድ ምልክት ስለሚጽፋቸው፣ ስሙን ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሳያስበው ግእዙን ወደ ራብዕ ይለውጠዋል። አማርኛ «በር»ን ከ«ባር» የሚለይ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ይህን ልዩነት መጣሉ ያሳዝናል። ልዩነቱ የድምፅ ብቻም አይደለም፤ በማራቲ ረጅሙ «ካር» ሌላ ቅጥያ ነው፣ ትርጉሙም ሠሪ፣ ባለሙያ ማለት ነው። ጋዜጠኛ «ፐትረካር»፣ ሠዓሊ «ቺትረካር» ይባላል። ስለዚህ በማራቲ ጆሮ «ካር» እና «ከር» የእኛን «ጋዜጠኛ» እና «ጎንደሬ» ያህል ይራራቃሉ።

አጠራሩንም በተመለከተ፣ «ቢምራው ራምጂ አምቤድከር» ከሚለው ውስጥ ራምጂ የአባታቸው ስም ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከእኛ ልማድ ጋር ይገጥማል። እኛ የሌለን ሦስተኛውን ነው። በአማርኛ ወግ «ዶክተር ቢምራው» ማለት ነውር ባይሆንም፣ በአገራቸው የሚታወቁት በሦስተኛው ስማቸው ስለሆነ «ዶክተር አምቤድከር» ብሎ መጻፉ ይቀናል።