ስለ 2,147,483,647 ጠይቁኝ

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። በቀደም ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «የምወደው ቁጥር ነው» ስል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ተማሪውም የሰፈር ሰውም ሲጠይቀኝ ከርሟል። እስቲ ልመልስ።

መምህር፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?

1 ፍሬ ጤፍ አስቀምጥ። ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4፣ ከዚያ 8። እንዲህ በየቀኑ እጥፍ እያደረግህ እስከ 31ኛው ቀን ቀጥል። የተጠራቀመው ልክ 2,147,483,647 ፍሬ ነው፤ ከ4 ኩንታል በላይ ጤፍ! በአጭሩ፣ 31 ሁለቶችን አባዝተህ 1 መቀነስ ነው።

እና ምኑ ይገርማል?

ብቸኛ ቁጥር ነዋ! ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው። ያኔ ጎንደር የነገሥታት ከተማ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ሩሲያ፣ ፒተርስበርግ ተቀምጦ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ካልኩሌተር የለ፣ ምን የለ። እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ መፈለግ ነበረበት። ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ይበልጣል። እሱ ግን አቋራጭ አገኘ። አካፋይ ካለ፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ይተርፈዋል። የሚሞከሩት ከ400 በታች ወረዱ። አንዱም አላካፈለም። እኔ ይህን አቋራጭ ሳስተምር እስካሁን ደስ ይለኛል።

ከባሕረ ሐሳብ ጋር ይገናኛል? (የአብነት ተማሪ ነው የጠየቀኝ)

በቀጥታ አይገናኝም። ግን የዓውደ ፀሐይን 28 (በዘመን ስሌቱ ያለውን የ28 ዓመት ዑደት) ታውቀዋለህ። አካፋዮቹን 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14ን ደምራቸው፤ ራሱ 28 ይመጣል። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ይህ ነው። 28 የ4 እና የ7 ብዜት ነው፤ 7 ደግሞ ሦስት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ። የእኛንም ቁጥር በ1,073,741,824 ብታባዛው ሌላ ፍጹም ቁጥር ታገኛለህ፦ 2,305,843,008,139,952,128።

ልጄ ስልክ ይጠግናል፤ «ኮምፒውተር ውስጥም አለ» ይለኛል። እውነት ነው?

ልክ ነው፣ እትዬ። 31 አምፖል በተርታ አስቡ። ሁሉም ሲበሩ ይህ ቁጥር ነው፤ 32ኛው አምፖል ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ተይዟል። ብዙ ቆጣሪዎች ከዚህ ማለፍ አይችሉም። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የኮሪያ ዘፈን በተመልካች ብዛት ይህን ወሰን ሲያልፍ ዩቱብ ቆጣሪውን ማስፋት ግድ ሆኖበታል።

በ2038 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል የሚሉትስ?

ሁሉም አይቆምም። ብዙ ማሽኖች ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌሊት 9 ሰዓት ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራሉ። በ32 ቢት፣ ማለትም በ32ቱ አምፖሎች፣ የሚቆጥሩት ቁጥራችን ላይ ሲደርሱ ይሞላሉ። መቼ መሰላችሁ? በእኛ አቆጣጠር ሳሰላው ደነገጥኩ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። መድኃኒቱ 64 ቢት ነው፤ አዳዲሶቹ ስልኮች አላቸው።

ታዲያ ያን ጠዋት ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

ትችላለህ። ስልክህን ከሚረጨው ውሃ ጠብቀው እንጂ።