ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ክንዴ ከስቷል፤ ጡንቻው ሞቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34። ከ7 ሳምንት በፊት ባጃጅ ተገልብጦብኝ የላይኛው ክንዴ አጥንት መሃሉ ላይ ተሰበረ። ቆዳዬ አልተቀደደም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄን ከአንጓው ቀና ማድረግ አልችልም፤ አሁን ደግሞ የታችኛው ክንዴ ከሳ። ቤተሰቦቼ «ሥጋና እንቁላል አብዛ» ይሉኛል። ጡንቻው ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ አልሞተም። ገለጻዎ የራዲያል ነርቭ ጉዳት ይመስላል፤ ይህ ነርቭ የክንዱን አጥንት ተጠምጥሞ ስለሚያልፍ ከስብራት ጋር አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ጡንቻ የነርቭ ትእዛዝ ሲቋረጥበት የራሱን አካል ማፍረስ ይጀምራል። በአይጦች ላይ እንደታየው ቀድሞ የሚፈታው ዴስሚን ነው፤ የጡንቻውን ክሮች ጎን ለጎን አስሮ የሚይዝ ፕሮቲን። ገመዱ እንደተበጠሰ የእንጨት ሸክም ክሮቹ ይላላሉ። ከዚያ ተራው ጡንቻውን የሚያኮማትሩት ፕሮቲኖች፣ የማዮሲንና የአክቲን ነው፦ ሴሉ ዩቢኩቲን የተባለ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ ፕሮቲያዞም የተባለው የሴሉ ፕሮቲን ቆራጭ ይቆራርጣቸዋል። እንቁላሉን ይብሉ (ጫት የሚቅሙ ከሆነ የምግብ ፍላጎትዎን ሳይዘጋው፣ አስቀድመው)፤ ነገር ግን ምግብ ብቻውን ይህን ማፍረስ አያስቆመውም። ነርቩ ተመልሶ መድረስ አለበት።

ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 10 ሴንቲሜትር ለመሄድ ከ3 ወር በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በ7 ሳምንት እጅዎ አለመነሳቱ አያስደነግጥም፤ ቆዳ ሳይቀደድ በደረሰ ስብራት አብዛኞቹ ነርቮች ያለ ቀዶ ሕክምና ያገግማሉ። መጀመሪያ የሚመለሰው አውራ ጣትዎን ወደ ላይ አድርገው ክርንዎን ሲያጥፉ ከክንዱ ጎን የሚወጠረው ጡንቻ ነው፤ ቀጥሎ አንጓው፣ በመጨረሻ ጣቶቹ። እስከ 3 ወይም 4 ወር ምንም ካልታየ የአጥንት ሐኪምዎ የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይዘዙልዎ። ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈ ጡንቻው በጠባሳና በስብ እየተተካ ስለሚሄድ ነርቩ ቢደርስም የሚያገኘው ትንሽ ነው።

እስከዚያው አንጓዎን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቀና የሚያደርግ፣ ጣቶችን የማያስር ድጋፍ ያድርጉ። ሐኪምዎ ከፈቀደ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ድጋፉን ፈተው በጤነኛው እጅ አንጓውንና ጣቶቹን ቀስ ብለው ያቃኑ፣ 20 ሰከንድ ያቆዩ፤ መገጣጠሚያው ከደረቀ ነርቩ ቢመለስም እጁ አይታዘዝም። ወጌሻ እንዳያሸው፣ በቀርከሃም አጥብቆ እንዳያስረው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የእጅ ጀርባ ስለሚደነዝዝ ከጀበናና ከከሰል ይጠንቀቁ።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ለሌላ ሕመም ቢሆንም እንኳ፣ የነርቭ ጉዳት እንዳለብዎ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ላይ ሳክሲኒልኮሊን የተባለው መድኃኒት የደም ፖታሲየምን በአደገኛ መጠን ሊያሻቅብ ይችላል።