ፊኒክስ ነበር በያቸው

«ባለቤቴ ፊኒክስ ሠርቶ ወደ ሲያትል ከመጣ ወሩ ነው። ያስላል፣ ሌሊት በላብ ይጠመቃል፣ 2 ዙር አንቲባዮቲክ ጨርሶ ለውጥ የለም። ቲቢ ሳይሆን አይቀርም እያሉን ነው» ላልሽው እህቴ፦

1. ዛሬውኑ ለሐኪሞቹ ደውይና «አሪዞና በረሃ፣ ፊኒክስ ነበር» በያቸው። እዚያ ቫሊ ፊቨር የሚባል ቲቢ የሚመስል የሳንባ በሽታ አለ። እኔን ጉድ የሠራችኝ እዚያ እንደነበርኩ አለመናገሬ ናት። ትራክ ነጂ ነኝ። ሚኒያፖሊስ ታምሜ ስገባ ሐኪሟ «አገርህ የት ነው?» አለችኝ። ኢትዮጵያ አልኩ። በቃ! የቲቢ የቆዳ ምርመራው አበጠ። ልጅ ሆኜ የተከተብኩት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂም ሊያሳብጠው እንደሚችል ማን ይንገራት? ለብቻዬ ክፍል ዘጉብኝ። ምግብ የምታመጣው ልጅ ትሪውን ወርውራ ትሮጣለች። አክታዬ 3 ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘም፤ የቲቢ መድኃኒቱን ግን አስጀመሩኝ። 2 ወር ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፣ ሳሉ እዚያው ነው።

2. የቫሊ ፊቨር የደም ምርመራ ብለሽ በስሙ ጠይቂ። እኔ እንኳ ስሙን የሰማሁት ፊኒክስ ያለ ጓደኛዬ በስልክ ሳሌን ሰምቶ «አንተ፣ ይሄ የበረሃው ነው» ሲለኝ ነው። የአሪዞናና የካሊፎርኒያ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ከአቧራ ጋር ይተነፈሳል። ጤነኛውንም አይምርም። እኔ 34 ዓመቴ ነበር፣ ስኳር የለብኝ፣ ምን የለብኝ። እዚያ ያለ ሐኪም ሁሌ ያየዋል፤ ሰሜን ያለው ግን ካላስታወስሽው አይመጣለትም። መጀመሪያ ላይ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ይደገምለት። የኔም የወጣው በሁለተኛው ነው። ውጤቱን ይዤ ተመልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ይቅርታ እንኳ አላለችም፤ ቢሉ ግን በሰዓቱ መጣ።

3. ቲቢ አለመሆኑ እስኪጣራ ያሏችሁን ጠብቁ። ቫሊ ፊቨር ከሆነ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ለዘመድ ወዳጅ ቀድመሽ ንገሪ። እኛ ሳንናገር ወሬው ቀደመንና የልጄ ክርስትና ላይ ግማሹ ሰው ቀረ። ዶሮው ተርፎ ሳምንት በላነው።

ደግሞ ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት ይድናል ብለው ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ግን እንደኛ ጥቁር የሆነ ሰው ላይ ከሳንባ አልፎ ወደ ቆዳ፣ አጥንትና አንጎል ሽፋን የመዛመት ዕድሉ ከፍ ይላል። ክትትሉን እንዳትተዉ። ራስ ምታት ከጀመረው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ውሰጂው። ለኔ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት አዘዙልኝ፤ በ3ኛው ሳምንት ላቡ ቆመ። ከንፈር ያደርቃል፣ ቫዝሊን ግዢለት።